ሁሙስ ቤት ውስጥ፦ ከደረቅ ሽምብራ እስከ ሳህን

ሁሙስ በደንብ የተቀቀለ ሽምብራ ከጣሂና (ከተፈጨ ሰሊጥ)፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ልሞ ተፈጭቶ በዳቦ የሚበላ ምግብ ነው። ቤት ውስጥ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሻካራና ከባድ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ በመፍጫው ላይ ይላከካል፤ ነገሩ የተበላሸው ግን ቀደም ብሎ ድስቱ ውስጥ ነው። ለንፍሮ የደረሰ ሽምብራ ለሁሙስ ገና ነው። በደማስቆ፣ በቤይሩት፣ በናብሉስና በአካ ሁሙስ የማለዳ ምግብ ነው፤ ብዙዎቹ የሁሙስ ቤቶች ሽምብራውን ሌሊቱን በዝግተኛ እሳት ሲቀቅሉት ያድራሉ፣ ጠዋት ትኩሱን ይፈጫሉ፣ ድስቱ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ጣሂናም ሲጨምሩ አይሰስቱም። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም። ሥጋም፣ ቅቤም፣ ወተትም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል።

ከታች ያለው መጠን 900 ግራም ገደማ ያወጣል፤ ከዳቦ ጋር ከ6 እስከ 8 ሰው ያበላል።

ደረቅ ሽምብራ 250 ግራም
ቤኪንግ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ ለመዘፍዘፊያ፣ ½ የሻይ ማንኪያ ለመቀቀያ
ጣሂና 200 ግራም
አዲስ የተጨመቀ ሎሚ 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ
ነጭ ሽንኩርት 2 መካከለኛ ፍሬ (ሙሉውን ራስ አይደለም)፤ ፍሬው ደቃቅ ከሆነ 3
ጨው 1½ የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ከሙን ¼ የሻይ ማንኪያ፣ ከተፈለገ
በረዶ የገባበት ውሃ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ሊትር
የወይራ ዘይት ከላይ ለማፍሰስ

ከሙን ሲባል ከሙን ነው፤ ነጭ አዝሙድ ከገባበት ጣዕሙ ሌላ ምግብ ይሆናል።

ሽምብራውን መምረጥ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ትንሹ፣ ቡናማው፣ ገለፈቱ ወፍራም የሆነውና ደሲ የሚባለው ነው፤ ቆሎና ሽሮ የሚሆነው በአብዛኛው እሱ ነው። ሁለተኛው ካቡሊ ነው፤ ተለቅ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ገለፈቱ ስስ። ለሁሙስ የሚፈለገው ካቡሊው ነው። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አረርቲና ሀብሩ የተባሉት ዝርያዎች የዚሁ የካቡሊ ወገን ናቸው፤ ሻጩ የዝርያውን ስም ባያውቅ እንኳ «ነጩን ሽምብራ» ካላችሁት ይገባዋል። በደሲውም መሥራት ይቻላል፤ መልኩ ይጠቁራል፣ ገለፈቱን መልቀም ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። በሙቀትና በእርጥበት ብዙ የቆየ ሽምብራ ውስጡ ተለውጦ አልበስል ይላል፤ ሦስት ሰዓት ቢቀቀልም መሐሉ እንደ ጠመኔ ይቀራል። በዓይን ለመለየት ከባድ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ሱቅ መግዛት ይሻላል። ከዓመት በፊት የተረፈውን ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል፣ ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ሌላ አቋራጭ አለ፦ የሽምብራ ክክ። ገለፈቱ ቀድሞ ስለወጣለት 4 ሰዓት ከተዘፈዘፈ በቂው ነው፣ ድስት ላይ የሚወስደው ጊዜም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሁሙሱ ቢጫ ያደላበታል እንጂ በጣም ይለሰልሳል። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የአተር ክክ እንዳይሆን፣ ደግሞም ለሽሮ ታምሶ የተከካ እንዳይሆን። የታመሰው የቆሎ ጣዕም ይዞ ስለሚመጣ ሁሙሱ ሽሮ ሽሮ ይላል።

መዘፍዘፍ

ሽምብራውን በሰፌድ አንፍሳችሁ ጠጠሩንና የተሰበረውን ልቀሙ። ታጥቦ በ1.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና በ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ዕቃው ሰፊ ይሁን፤ ሽምብራው እጥፍ ይሆናል። እንደ ድሬዳዋ፣ እንደ ሁመራ ወይም እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሙቀት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ አለዚያ ጠዋት አረፋ ደፍቶ፣ ኮምጠጥ ብሎ ይጠብቃችኋል። እንዲህ የሸተተ ይደፋል።

ሶዳው ውሃውን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ በእንደዚህ ያለ ውሃ ውስጥ የሽምብራውን ሕዋሳት አያይዞ የያዘው ፔክቲን የተባለ ነገር ቶሎ ይሟሟል፣ ገለፈቱም ይላላል። ውሃችሁ ማዕድን የበዛበት ከሆነ፣ ማለትም ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ከሆነ፣ ካልሲየሙ ፔክቲኑን ያጠነክረዋል፤ እዚያ ቦታ ያለ ሶዳ ማለስለስ ልፋት ነው።

መዘፍዘፉ መድረሱን ለማወቅ አንዷን ፍሬ በቢላ ለሁለት ክፈሏት። መሐሏ ነጣ ያለ ደረቅ ነጥብ ካለ ይቆይ። ከዚያ ውሃው ተደፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ይታጠብ። ማታ መዘፍዘፍ ከተረሳ፣ በሶዳ ውሃ 5 ደቂቃ አፍልታችሁ፣ ከእሳት አውርዳችሁ፣ ከድናችሁ አንድ ሰዓት አስቀምጡት። የሌሊቱን ያህል ባይሆንም ይሠራል።

መቀቀል፤ ዋናው ሥራ

ውሃው የተንጠፈጠፈለትን ሽምብራ ያለ ውሃ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ½ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነስንሱበትና መካከለኛ እሳት ላይ 3 ደቂቃ አማስሉት። ሶዳው ገለፈቱ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ እየተማሰለ እርስ በርሱ ሲፋተግ ገለፈቱ መላቀቅ ይጀምራል። አሁን 1.5 ሊትር የፈላ ውሃ ጨምሩ።

ሲፈላ ብዙ አረፋ ይወጣል፤ ግፈፉት። ከአረፋው ጋር ገለፈቱም ይንሳፈፋል፣ እሱንም በጭልፋ ልቀሙት። ገለፈት አንድ በአንድ በጣት መላጥ የሚመክር ሰው ጊዜ የተረፈው ነው፤ እየተንሳፈፈ ያለውን መግፈፍ ይበቃል። ከዚያ እሳቱ ይቀንስና በቀስታ ይንተክተክ። ውሃው ከሽምብራው በታች እንዳይወርድ እያያችሁ የፈላ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም እዚህ ላይ ፈጽሞ አይገባም፤ አሲድ ሶዳው የሚሠራውን ያፈርሳል፣ ሽምብራውም ይጠነክራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ አትመኑ። ቤይሩት ወይም ዱባይ፣ ባሕር ጠለል ላይ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ እንዲህ የተዘጋጀ ሽምብራ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቱንም ያህል እሳት ብታነዱ ከዚያ አይሞቅም። ስለዚህ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት አስቡ፤ የቆየ ሽምብራ ከሆነ ከዚያም በላይ። ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ የአጭሩን ሰዓት ተከተሉ።

ፕሬዠር ኩከር ይህን ችግር ይፈታዋል። ባሕር ጠለል አካባቢ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። ሽምብራውና ውሃው ተደምረው ከድስቱ ግማሽ አይለፉ፤ የሽምብራ አረፋና ገለፈት የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል፣ ይህ ደግሞ አደጋ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግ አረፋውን ይቀንሳል። ከመክደናችሁ በፊት አንድ ጊዜ አፍልታችሁ የወጣውን አረፋ ግፈፉ። ሲያልቅ ግፊቱ በራሱ ይውረድ።

መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በጣት ለዩት። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስትጫኗት ያለ ምንም ኃይል ተደፍጥጣ ልም ማለት አለባት፣ ጣት ላይ ቅንጣት መቅረት የለባትም። ከድስቱ ውስጥ ገሚሱ ፈርሶ ካያችሁት አትደንግጡ፣ የሚፈለገው ይህ ነው። «ሊበላ ይችላል» እና «ደርሷል» መካከል ብዙ ጊዜ የ30 ደቂቃ ልዩነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከቅቅሉ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ሙሉ ፍሬ ለላዩ አስቀሩ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃውንም ያዙ። የቀረውን በወንፊት አጥልሉና 10 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። ውሃ ያዘለ ሽምብራ ሁሙሱን ያቀጥነዋል፣ ጣዕሙንም ያደበዝዘዋል።

በቆርቆሮ የታሸገ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አብዛኛው 400 ግራም ቆርቆሮ ሲጠለል 240 ግራም ሽምብራ አለው። ሁለት ቆርቆሮ አጥባችሁ፣ በ¼ የሻይ ማንኪያ ሶዳና በአዲስ ውሃ ሌላ 20 ደቂቃ ቀቅሉት። ከቆርቆሮ በቀጥታ የተፈጨ ሁሙስ አሸዋ አሸዋ የሚለው የታሸገው ለሰላጣ እንዲሆን ጠንከር ተደርጎ ስለሆነ ነው። ለዚህ መጠን ጣሂናው 170 ግራም ይበቃል።

ጣሂና

ከሁሙሱ አምስተኛው ያህል ጣሂና ነው፤ ስለዚህ መጥፎ ጣሂና በሎሚም በነጭ ሽንኩርትም አይሸፈንም። የሚገዛ ከሆነ ለብቻው ቅመሱት፦ የሰሊጥ ጣዕም፣ ከኋላ ትንሽ መረር ማለት፤ የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ግን አይሆንም። ከማንኪያ ላይ የሚፈስ መሆን አለበት። ዘይቱ ላይ ሰፍፎ ታችው የደረቀ ከሆነ እስከ ሥሩ በደንብ አማስላችሁ አዋህዱት፤ ከላይ ያለውን ዘይት ብቻ ቀድታችሁ መጠቀም ዋጋ የለውም።

የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ለጣሂና ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ በእስራኤል የሚሸጡ ጥሩ ጣሂናዎች ከኢትዮጵያ ሰሊጥ መሠራታቸውን ማሸጊያቸው ላይ ይጽፋሉ። አገር ቤት ያለ ሰው ታዲያ ከውጭ የመጣ ጣሂና በውድ ከሚገዛ ጥሬ ዕቃውን ቢይዝ ይሻላል።

250 ግራም ነጭ ሰሊጥ ውሰዱ። መጀመሪያ አሸዋው ይወገድ፦ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፣ በእጅ አዙሩት፣ ሰሊጡ ገና በውሃው ላይ እየተንገዋለለ ሳለ ወደ ደቃቅ ወንፊት ገልብጡ። አሸዋው ታች ይቀራል። ውሃው አሸዋ ማስቀረት እስኪያቆም ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። ይህን የዘለለ ሰው ጥርሱ ሥር ያገኘዋል፣ በኋላም ማጣሪያ የለውም። ከዚያ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ብረት ምጣድ ላይ በመለስተኛ እሳት ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ቁሉት። ሽታው ሲወጣና መልኩ ወደ ዝሆን ጥርስ ሲያደላ አውርዱ፣ ወዲያው ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡ፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ መቆላቱን ይቀጥላል። ቡናማ የሆነ ሰሊጥ መራራ ጣሂና ነው። ገና ሞቅ እንዳለ ፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ የተጋገረ ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ ዘይቱ ወጥቶ ይፈሳል፤ ጠቅላላው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ ጣዕም የሌለው ዘይት 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይረዳዋል። የቤት ሰሊጥ ገለፈቱ ስላልወጣ ከተገዛው ጣሂና ጠቆር፣ መረርም ይላል፤ ይህን ለማለዘብ ሎሚውን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል።

አፈጫጨት

ነጭ ሽንኩርቱን ከሎሚው ጭማቂና ከጨው ጋር ደቁሱና 10 ደቂቃ ተዉት። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚያቃጥለውን ነገር የሚፈጥር ኢንዛይም አለው፤ ሎሚው ውስጥ ከተደቆሰ አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሽታው ይቀራል፣ የሚነደው ነገሩ ግን ይቀንሳል። ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ጭማቂውን ብቻ ያዙ።

ጣሂናው ላይ ይህን ጭማቂ አፍስሱ። ወዲያው ይጓጉላል፣ እንደ ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል፤ አልተበላሸም። ጥቂት ውሃ ሲገባ የሰሊጡ ድቃቂ ውሃውን መጥጦ ይጣበቃል፤ ውሃ ሲጨመር ይላቀቃል። የበረዶ ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት፣ እስኪነጣና እንደ ቀጭን እርጎ እስኪሆን። 80 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል።

አሁን ሽምብራው። ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን፤ በጣም ከጋለ የጣሂናው ዘይት ይለያል። ብቻውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ፍጩት፣ ጎንና ጎኑን እየፋቃችሁ፣ ልም እስኪል። ፉድ ፕሮሰሰር ካለ ይህ ቀላል ነው። ተራ ብሌንደር ከሆነ ደረቅ ሊጥ አያዞርም፤ ከያዛችሁት የመቀቀያ ውሃ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ (የሳሙና ጣዕም ያለው ከሆነ ተራ ውሃ)፣ በሁለት ዙር ከፋፍሉት፣ በየደቂቃውም አሳርፉት። ትንንሽ ሞተሮች በዚህ ሥራ ላይ ነው የሚቃጠሉት።

ልም ሲል የጣሂናውን ድብልቅና ከሙኑን ጨምራችሁ ሌላ 4 ደቂቃ ፍጩ። ይህ ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ አየር የሚገባበትና መልኩ የሚነጣው ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ከምትፈልጉት ውፍረት ትንሽ ቀጠን ብሎ ይቅር፤ ሲቀዘቅዝ የሽምብራው ስታርች ውሃውን ይይዝና ይጠነክራል። የወይራ ዘይት ውስጡ አይፈጭ። በፍጥነት ሲመታ ሊመር ይችላል፣ ሁሙሱንም ያከብደዋል፤ ቦታው ከላይ ነው።

መብራት ከሌለ ሙቀጫ ይሠራል። ሽምብራው ትኩስ እንዳለ በትንሽ በትንሹ ውቀጡት፣ በወንፊት በማንኪያ ጀርባ አሳልፉት፣ ጣሂናውን በእጅ ምቱ። ሸካራነት አይጠፋውም፤ ጣዕሙ ግን ከማሽኑ አያንስም።

30 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ቅመሱት። ጨውና ሎሚ የሚስተካከሉት ያኔ ነው፤ ትኩሱን ስትቀምሱ ሁለቱም ያታልላሉ።

ሲበላሽ

ሻካራ ከሆነ ሽምብራው አልበሰለም። ከተፈጨ በኋላ ተመልሶ አይቀቀልም፣ በወንፊት ማሳለፍ ብቻ ነው ያለው። የሳሙና ጣዕም ካለው ሶዳው በዝቷል ወይም የመዘፍዘፊያው ውሃ በደንብ አልታጠበም፤ ሎሚ በሻይ ማንኪያ እየጨመሩ መሞከር ይቻላል፣ በጣም ከሸተተ ግን አይድንም። ዘይቱ ተለይቶ ካብረቀረቀና ከተቆራረሰ፣ የበረዶ ውሃ በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ ፍጩት፣ ይመለሳል። ከቀጠነ 2 የሾርባ ማንኪያ ጣሂና ጨምሩና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀምጡ፤ ዱቄት ወይም ሽሮ መጨመር ጥሬ ጣዕም ያመጣል። «ምንም ጣዕም የለውም» የሚባለው ደግሞ ዘጠና በመቶ ጨው ስላነሰው ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ለመጨመር አትቸኩሉ፣ እሱ በማግሥቱ በራሱ ይበረታል።

አቀራረብ

ዝርግ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ መሐሉን አጎድጉዱ፣ ጠርዙን ከፍ አድርጉ። በጉድጓዱ የወይራ ዘይት፣ የተቀመጠው ሙሉ ሽምብራ፣ ፓፕሪካ ወይም ከሙን፣ የተከተፈ ፓርስሊ። ሚጥሚጣ በፓፕሪካ ፈንታ ያምርበታል፤ አዋዜም ጠርዙ ላይ ጠብ ቢል ይሄዳል። በርበሬ ውስጡ ፈጭቶ መቀላቀል ግን የጣሂናውን ጣዕም ይገድላል፣ እንዲያ ከተፈለገ ቡትቻ መሥራት ይሻላል። ከፒታ ሌላ ሞቅ ያለ አምባሻ ወይም ስስ ቂጣ ይስማማዋል፤ ጥሬ ሽንኩርት ቅርፊት በቅርፊት ላጥ አድርጎ እንደ ማንኪያ መዛቅም በኢየሩሳሌምና በአካ የተለመደ ነው።

ለብ እንዳለ ይበላ። ከፍሪጅ የወጣውን ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት፣ አንድ ሁለት ማንኪያ የሞቀ ውሃ አድርጋችሁ አማስሉት። መፍጨት ካስጠላችሁ ደግሞ ሙሳባሃ የሚባለውን ሞክሩ፦ ያንኑ በጣም የበሰለ ሽምብራ ሳይፈጭ፣ ገና ትኩስ እንዳለ፣ የጣሂናው ድብልቅ ውስጥ ጨምራችሁ በሹካ ግማሹን ብቻ መደፍጠጥ ነው።

ሁሙስ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በተከደነ ዕቃ፣ ላዩ ላይ ስስ ዘይት ፈስሶበት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ በንጹሕ ማንኪያ ብቻ ይቀዳ። ብዙ መሥራት ለሚፈልግ 1 ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ቀቅሎ፣ ለአንድ ዙር በሚበቃው በ550 ግራም እየከፈለ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል፤ 3 ወር ይቆያል። የተፈጨው ሁሙስ ግን ከበረዶ ሲወጣ ውሃ ይለቃል። ቅቅሉ ሲፈለግ ከበረዶ ቤት በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይገባል፣ ይጠለላል፣ ይፈጫል።